«ሲቪ ልኬ ልኬ ደከመኝ፣ የሚመልስልኝ ግን የለም»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የሦስተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ዲፓርትመንታችን የሁለት ወር የተግባር ልምምድ ካልሠራችሁ ወደ አራተኛ ዓመት አታልፉም ብሎናል። ቦታ የምንፈልገው ራሳችን ነን። እስካሁን ከ40 በላይ ቦታ ኢሜይል ልኬያለሁ። ሁለቱ ‹ደርሶናል› አሉኝ፣ ሌላው ጭጭ። የዶርም ጓደኛዬ አጎቷ የሚሠሩበት ድርጅት በአንድ ስልክ ገባች። እኔ እንደዚያ ዓይነት ዘመድ የለኝም፣ ጂፒኤዬም 2.7 ነው። ሲቪዬ ላይ የምጽፈው ነገር የለም፤ ለኮርስ ፕሮጀክት 180 መጠይቅ ሰብስበን ዳታውን እኔ ከማጽዳቴ ውጪ ሥራ የሚባል ነገር ሠርቼ አላውቅም። አንዳንዱ ልጅ ‹የሆነ ቦታ የሠራሽ አስመስለሽ ጻፊ› ይለኛል። የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው። የምልከውን ኢሜይል፣ የላክሁባቸውን ቦታዎች ዝርዝርና ሲቪዬን አያይዣለሁ። እህቴ፣ እባክሽ ችግሩ ምን እንደሆነ በግልጽ ንገሪኝ፤ አልከፋም።»

አልከፋም ካልሽማ ልንገርሽ። ችግሩ ጂፒኤሽ አይደለም። ዘመድ ማጣትሽም ዋናው ችግር አይደለም፤ እሱ ላይ እመለስበታለሁ። ችግሩ ኢሜይሉ ነው። እስቲ አብረን እናንብበው።

ርዕሱ ላይ «ማመልከቻ» ይላል። በቃ። ውስጡ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምርና ታታሪ፣ ትጉህ፣ በቡድን መሥራት የምትችዪ፣ አዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ የሆንሽ ተማሪ መሆንሽን ይናገራል። ከዚያ «በተከበረው ድርጅታችሁ ውስጥ ልምድ ለመቅሰም ዕድሉ ቢሰጠኝ» ይልና ያልቃል። የተያያዘው ፋይል ስም ደግሞ «ሲቪ ፋይናል ኒው 3» ነው። ሳቅሁ፣ አልዋሽሽም። ሁላችንም ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ዓይነት ፋይል አለን፤ ግን ወደ ሰው አይላክም።

ይህንን ኢሜይል ለባንክም፣ ለሆስፒታልም፣ ለቀለም ፋብሪካም መላክ ይቻላል። አንቺም ዝርዝርሽን ሳየው ያደረግሽው እሱኑ ነው። ለሁሉም የሚሆን ኢሜይል ደግሞ የማንም አይሆንም። በዚያ ላይ አብዛኛውን የላክሽው ድረ ገጽ ላይ በሚገኘው የድርጅቱ አጠቃላይ አድራሻ ነው። ያንን ሳጥን የሚከፍተው ማን ይመስልሻል? አንዳንድ ቦታ የተመደበለት ሰው የለውም። ሌላ ቦታ ደግሞ የሚከፍተው ልጅ ኢንተርን የመቀበልም የመመለስም ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ «እንግዲህ ለማን ልምራው» ብሎ ይተወዋል። ማንም አንቺን አይቶ አልጣለሽም። ያየሽ ሰው የለም።

አሁን ደግሞ ሊወስን የሚችለውን ሰው አስቢው። የሆነ ክፍል ኃላፊ ነው እንበል። ሥራ ተቆልሎበታል። ኢሜይልሽ እጁ ቢገባ ታታሪ ነሽ አይደለሽም የሚለው አያሳስበውም፣ ሁሉም ታታሪ ነኝ ነው የሚለው። እሱ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህችን ልጅ ምን አሠራታለሁ? ሁለተኛ፣ ማን ይከታተላታል፣ ስንት ጊዜዬን ትወስድብኛለች? ተማሪ ሁሉ የሚረሳው ይህንን ነው። ኢንተርን በነፃ የመጣ እጅ ይመስለናል፤ ለተቀባዩ ግን መጀመሪያ ላይ ሸክም ነው። የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል፣ ወንበር ይፈልጋል፣ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ መጨረሻ ላይ የሚሞላ ቅጽ ይዞ ይመጣል። የኢሜይልሽ ሥራ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቅ መመለስ ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። የሦስተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ። አምና እናንተ ጋ ልምምድ የሠራ የዲፓርትመንታችን ተማሪ የመረጃ ክፍሉን እርስዎ እንደሚመሩ ነግሮኝ ነው የምጽፍልዎ። ለሁለት ወር፣ በሳምንት አምስት ቀን መሥራት እችላለሁ፤ መጀመሪያና መጨረሻ ቀኑን ከታች ጽፌዋለሁ። ለኮርስ ፕሮጀክት 180 መጠይቆች ኤክሴል ላይ አስገብቼ፣ የተደጋገሙትንና የጎደሉትን ለይቼ፣ ለቡድኑ ትንተና አዘጋጅቻለሁ። ወረቀት ላይ ያለ መረጃ ማስገባት፣ የተዘበራረቀ ሰንጠረዥ ማስተካከል፣ ለሪፖርት ግራፍ መሥራት ካለ ልረዳ እችላለሁ። ከእናንተ የሚጠበቀው አንድ ተከታታይ ሰው መመደብና በመጨረሻ የግምገማ ቅጽ መሙላት ነው፤ ቅጹን አያይዣለሁ። ሐሙስ ጠዋት ለአምስት ደቂቃ ብደውልልዎ ይመችዎታል?»

አየሽ፣ «ታታሪ» የሚል ቃል የለውም። ግን 180 መጠይቅ አንድ በአንድ አይታ ያጸዳች ልጅ ታታሪ መሆኗን ማን ይጠራጠራል? ርዕሱንም ቀይሪው፤ «የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ የሁለት ወር ልምምድ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ቢል ሳይከፍቱት ምን እንደሆነ ያውቁታል። የጻፍኩልሽን ግን እንዳለ ኮፒ አድርገሽ ለ40 ቦታ እንዳትልኪው፣ ያው ወደ ነበርሽበት ተመለስሽ ማለት ነው። ስሙ፣ ክፍሉ፣ የምትረጂበት ሥራ በየቦታው ይቀየራል። ሆስፒታል ከሆነ የሕሙማን መዝገብ ነው፣ ኢንሹራንስ ከሆነ የካሳ ጥያቄ ነው፣ የዕርዳታ ድርጅት ከሆነ የክትትልና ግምገማ ክፍሉ የሰበሰበው መረጃ ነው። በቀን ሁለት ሦስት ብቻ ላኪ፤ ግን የየቦታውን ድረ ገጽ ወይም ሪፖርት ገልጠሽ ምን እንደሚሠሩ ካየሽ በኋላ።

ቻትጂፒቲ ይጻፍልኝ ካልሽም ተቃውሞ የለኝም፣ ፊደል ለማረም ጥሩ ነው። ግን ምንም ሳትነግሪው «የልምምድ ማመልከቻ ጻፍልኝ» ካልሽው የሚሰጥሽ ያንኑ «ታታሪና ትጉህ»ን ነው፤ ትንሽ አሳምሮ። ያ ኃላፊ ደግሞ እሱኑ የመሰለ ከስንት ልጅ ደርሶታል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ አጎት እንምጣ። ሆድሽን ያቆሰለው እሱ መሰለኝ። ልክ ነሽ፣ ያበሳጫል፤ «ሰው ያለው» ሲያልፍ «ሰው የሌለው» በር ላይ ይቀራል። ግን «ሰው» ማለት የቅርብ ዘመድ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ሥራቸውን በሰው በኩል ያገኙ ባለሙያዎችን፣ ያንን ሰው በዚያን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ብዙ ጊዜ እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን (የሥራ ትውውቅ ድረ ገጽ) ተጠቃሚዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም ወደዚያው አካባቢ ነው ያረፈው፤ ለሥራ የሚጠቅመው ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ በመጠኑ ራቅ ያለው ትውውቅ ሆኖ ተገኝቷል። አንቺ የስታቲስቲክስ ተማሪ ስለሆንሽ ቁጥሩን ሳይሆን ምክንያቱን ልንገርሽ፦ የቅርብ ጓደኞችሽ የሚያውቁት አንቺ የምታውቂውን ነው። አዲስ ወሬ የሚመጣው ራቅ ካለው ሰው ነው።

እና ራቅ ያለ ሰው የለሽም? አለሽ። ካንቺ አንድ ዓመት የሚቀድሙት ልጆች ባለፈው ዓመት ይህንኑ ልምምድ ሠርተዋል። ሁሉም የሆነ ቦታ ነበሩ፣ ሁሉም አንድ ተከታታይ ነበራቸው፣ ያ ተከታታይ ከዲፓርትመንታችሁ ተማሪ መቀበል ምን እንደሚመስል ያውቃል። ከዚህ የተሻለ በር የለም። ለዚህ ነው ናሙናው ኢሜይል ላይ «አምና እናንተ ጋ የሠራ ተማሪ» ብዬ የጀመርኩት። ስትጠይቂያቸው «ቦታ ፈልጉልኝ» አትበዪ፣ ሰው ይጨነቃል፣ ይሸሽሻል። «የት ነበራችሁ፣ ማን ነበር የሚከታተላችሁ፣ ምን አሠሯችሁ፣ ስማችሁን ጠርቼ ብጽፍላቸው ቅር ይላችኋል?» በያቸው። ይህን የሚከለክል ሰው አላየሁም። ወደ ዲፓርትመንቱ የልምምድ አስተባባሪም ሂጂ፤ ያለፉት ተማሪዎች የግምገማ ቅጾች ፋይል ውስጥ ይኖራሉ፣ ቅጹ ላይ ደግሞ የድርጅቱ ስምና የፈረመው ሰው ስም አለ። በኢሜይል አትጠይቂ፣ ቢሮው ሄደሽ ቁሚ።

መምህራንሽንም አትርሺ። ከመካከላቸው ምርምር የሚሠራ፣ ዳታ አስገቢ ያጣ አንድ አይጠፋም። ዲፓርትመንቱ ይህንን እንደ ልምምድ ይቆጥረው እንደሆነ ግን አስቀድመሽ አረጋግጪ።

ዝርዝርሽ ላይ ሌላ ያየሁት፣ ከግማሽ በላዩ ስማቸው የገነነ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ የኢንተርን ምዝገባ የሚከፍቱት ከወራት በፊት ነው፤ አንዳንዶቹ ዓመት ሊሞላው ሲል። ስድስት ሳምንት ሲቀርሽ የእነሱ ነገር ያለቀለት ነው፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ቀኑን መዝግበሽ ተዪው። አሁን የሚያዋጣሽ ትንንሹ ነው። አሥራ አምስት ሰው ያለው ድርጅት የኢንተርን ፕሮግራም የሚባል ነገር የለውም፣ ማስታወቂያም አያወጣም፤ ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ኢሜይሉን ያነባል፣ ከፈለገ ያን ቀን «ነይ» ይልሻል። በዚያ ላይ ትንሽ ቦታ እውነተኛ ሥራ ይሰጥሻል። ትልቅ ስም ያለበት ቦታ ሁለት ወር ሙሉ ፎቶኮፒ ሲያነሱ የከረሙ ልጆች አውቃለሁ።

ሲቪሽ። ሁለት ገጽ ነው፣ አንድ ይበቃዋል። የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ቁመት (ቁመት ለምን?) ካልተጠየቅሽ በቀር አውጪያቸው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትሽም ይውጣ። «የኮምፒውተር ችሎታ፦ ኤክሴል፣ ወርድ፣ ኢንተርኔት» የሚለውን ሳይ ደግሞ አዘንኩ፤ ምክንያቱም እዚያው ገጽ ታች ላይ «የትርፍ ጊዜ ፍላጎት» ከሚለው በላይ፣ አንዲት መስመር ላይ ያንን የመጠይቅ ሥራ «የቡድን ፕሮጀክት» ብለሽ ቀብረሽዋል። ያ ነው ሥራሽ! ወደ ላይ አምጪው። «የቡድን ፕሮጀክት» አትበዪው፤ እንዲህ በይው፦ «የ180 ተማሪዎች መጠይቅ፦ ጥያቄዎቹን ከቡድኑ ጋር ማዘጋጀት፣ መልሶቹን ኤክሴል ላይ ማስገባት፣ የተደጋገሙና ያልተሟሉ መልሶችን መለየት።» ስንቱ ተደጋግሞ ነበር? በምን ፎርሙላ አገኘሽው? ያልተሟሉትን ምን አደረግሻቸው፣ ጣልሻቸው ወይስ ሌላ መፍትሔ ነበረሽ? ይህን ሁሉ አስታውሺ፣ ኢንተርቪው ላይ የምታወሪው እሱን ነው። ፋይሉን በፒዲኤፍ አድርገሽ በስምሽ ሰይሚው። ስልክ ቁጥርሽንም ዳግመኛ አንብቢው፤ አንድ አኃዝ የጎደለበት ሲቪ አይቻለሁ።

ጂፒኤ ካልተጠየቅሽ አትጻፊ፣ ከተጠየቅሽ እውነቱን ጻፊ። አንዳንድ ቦታ መቁረጫ ነጥብ አለው፣ እዚያ አይሳካም፣ ሌላ ቦታ ሂጂ። የዋና ዋና ኮርሶችሽ ውጤት ከአጠቃላዩ የሚሻል ከሆነ ግን እነሱን ለይተሽ መጥቀስ ትችያለሽ።

«የሠራሽ አስመስለሽ ጻፊ» ያለሽን ልጅ አትስሚው። ነገሩ ትክክል ካለመሆኑም በላይ አያዋጣም፤ አንድ ስልክ ደውለው ሊያጣሩት ይችላሉ። ኢንተርን የሚቀበል ሰው ደግሞ ልምድ አይጠብቅም። ልምድ ቢኖርሽማ ልምምድ ለምን ትፈልጊ ነበር?

ከላክሽ በኋላ ዝም ብለሽ አትጠብቂ። ሳምንት ካለፈው ደውዪ። ስልክ ይከብዳል፣ ገባኝ፤ የእናንተ ትውልድ ደግሞ ከመደወል ሌላ ምንም ቢሆን ይመርጣል። የምትዪውን ወረቀት ላይ ጻፊውና አንብቢው፣ ማንም አያይሽም። «ባለፈው ሳምንት ስለ ልምምድ ኢሜይል ልኬ ነበር፣ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ የሚመለከተው ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን ቢነግሩኝ» ከዚህ አይበልጥም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ወርቅ ናት፤ እምቢ ሊሉሽ እንኳ ቢሆን ስም ይዘሽ ትወጫለሽ። በአካል መሄድ በሚቻልበት ቦታ ደግሞ ሂጂ፣ የታተመ ሲቪና ከዩኒቨርሲቲው የተጻፈልሽን ደብዳቤ ይዘሽ። ሁለቴ ጠይቀሽ መልስ ካጣሽ ግን ተዪው። ሦስተኛው ንዝንዝ ነው። የት፣ ለማን፣ መቼ እንደላክሽና ምን እንዳሉሽ ኤክሴል ላይ መዝግቢ፤ አሁን ያለሽ ዝርዝር ስም ብቻ ነው፣ ቀን እንኳ የለውም። የዳታ ተማሪ ሆነሽ!

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጨነቀው ተማሪ እንዳለ የሚያውቁ ሰዎች አሉ። «የምዝገባ» ወይም «የሥልጠና» ብሎ ቦታ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅሽ ካለ ውይይት የለውም፣ ትተሽው ውጪ። ዋናውን የትምህርት ማስረጃሽን ወይም መታወቂያሽን አስቀምጪ የሚልሽም እንደዚያው፤ ኮፒ ይበቃል። ቃለ መጠይቁ ማታ ነው፣ ወይም ቢሮ ያልሆነ ቦታ ነው ካሉሽ አትሂጂ። ክፍያን በተመለከተ ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ «ለኢንተርን የምትከፍሉት አለ? ካልሆነ ትራንስፖርት ትሸፍናላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም፤ ከተቀበሉሽ በኋላ እንጂ በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ አይደለም። ሲሆን ሲሆን የሚከፍል ቦታ ምረጪ። ሁለት ወር ከኪስሽ እያወጣሽ የምትመላለሺ ከሆነ ግን ከመጀመርሽ በፊት ሂሳቡን ሥሪ፤ መሐል ላይ ማቋረጥ ይብሳል።

ደግሞ ይህንን ነገር እንደ ልመና አትዪው። ኸርማን ሽናይደር የተባለ የምህንድስና መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎች ክፍልና ሥራ ቦታ እየተፈራረቁ እንዲማሩ ሲያደርግ፣ አንዳንድ ነገር ክፍል ውስጥ ማስተማር አይቻልም ብሎ ነው። ያኔ የጀመሩት 27 ተማሪዎች ነበሩ፤ ዛሬ አንቺን የሚያሯሩጥሽ መስፈርት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የተለመደ ነገር ነው። ቦታ የሚሰጡሽ ሰዎችም አብዛኞቹ በጊዜያቸው የሆነ ሰው አስገብቷቸዋል፤ ሲጠየቁ የሚያስታውሱት አሉ።

ኢንተርቪው ላይ ብዙ አትጨነቂ፣ ለልምምድ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። «ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ሲሉሽ የሕይወት ታሪክ አይደለም የሚፈልጉት። ምን እንደምትማሪ፣ የመጠይቁን ነገር፣ ከዚያ እነሱ ጋ ለምን እንደመጣሽ፤ ሁለት ደቂቃ። የማታውቂውን ሲጠይቁሽ «ይህን አልሠራሁትም፣ ግን የሚመስለውን ሠርቻለሁ» ብለሽ ወደምታውቂው አምጪው። አንድ ጥያቄም ይዘሽ ግቢ፦ «መጀመሪያ ሳምንት ላይ ምን ብሠራ ይጠቅማችኋል?» ኃላፊው ይህን ሲመልስ በሐሳቡ ወንበር ላይ አስቀምጦሻል ማለት ነው።

ስድስቱ ሳምንት ካለቀስ? ይህን ጥያቄ ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፣ ግን ሌሊት የሚያስነሳሽ እሱ እንደሆነ እገምታለሁ። ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሲያልፍ ሳይሆን ሲቀረው፣ ያንን መዝገብ አትመሽ ወደ አስተባባሪው ሂጂ። ስንት ቦታ እንደጠየቅሽ፣ ለማን እንደደወልሽ፣ ምን እንዳሉሽ በቀን በቀኑ አሳዪው። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ዘግይቶ መጀመር ይፈቀዳል ወይ፣ ሁለቱን ወር ሁለት ቦታ ከፍሎ መሥራትስ ይቻላል ወይ። መልሱን በቃል ብቻ አትቀበዪ። የዚያኑ ቀን «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብለሽ በኢሜይል ጻፊለት፤ ኋላ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥ የምታሳዪው ይኖርሻል።